መዶሻና ዲፕሎማ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ሲይዝ፣ ደመወዝ መቀበልና ቤት መከራየት ሲጀምር፣ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «እንግዲህ ሰው ሆነ» ይለዋል። እውነትም ሆኗል። በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሒሳብ ይመረምራል፤ በሻይ ሰዓት ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲነሣ የሚናገረው አያጣም። ወደ ቤቱ የገቡ እንደ ሆነ ግን የጓዳው በር ማጠፊያው ላልቶ ወለሉን እየፋቀ ይከፈታል። ባለቤቱ በሩን በከፈተች ቁጥር በሁለት እጇ ወደ ላይ አንሥታ ትገፋዋለች። እናቱ መልሶ እንዳይዘጋባቸው ድንጋይ አስደግፈውበታል። የአራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ በር ሁሉ እንደዚህ የተፈጠረ ስለሚመስለው በጎን ሾልኮ መግባትን ለምዷል። ይኸው ከሆነ ስድስት ወር አልፏል። ቤተ ሰቡ በሩን ከማበጀት ይልቅ ከተበላሸው በር ጋራ መኖርን ተምሯል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በእርስዎ ቤት ይኸ በር ባይኖር እንኳ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ የሚያድር ቧንቧ፣ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሳፋ የሚቀመጥበት የታወቀ ማዕዘን፣ ወይም ሲነኩት የሚሞቅ ሶኬት አይታጣም። ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ በማስተምርበት ክፍል ያየሁት ነው። ተማሪዎቼ የመፈንቅልን ሕግ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ኃይሉን በርቀቱ አባዝተው ትክክለኛውን መልስ ያመጣሉ። አንድ ቀን የዛገ ምስማር ከጠረጴዛ እንዲነቅሉ መዶሻ ብሰጣቸው፣ ከመዶሻው ሥር ትንሽ እንጨት ማስገባት እንደሚገባ ያወቀ አንድ ልጅ ብቻ ነበረ። እሱም አባቱ አናጢ ነው። የቀሩት ሕጉን ያውቃሉ እንጂ መዶሻው መፈንቅል መሆኑን የነገራቸው የለም።

«ተምረህ ይኸን ትሠራለህ?»

ሰው ስለምን ቤቱን ራሱ አያበጅም ቢሉ ብዙዎች የጊዜና የገንዘብ እጥረትን ያነሣሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ዕፍረት ይመስለኛል። በአገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ የሚሰድብ ሰው፣ ማረሻውን ከዚያው ከቀጥቃጩ፣ ድስቱን ከዚያችው ከሸክላ ሠሪዋ እየገዛ ነበረ የሚኖረው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ነገሩ ሥር የሰደደ ነበረ። ከእርሳቸው በፊትም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከባዱን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲያሠሩ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከወታደሩ ጋራ ይሠሩ እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውታል። ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋይ ካነሡ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ካቻቪቴ ቢያነሣ ምን ይገርማል?

ዛሬ ስድቡ እንደ ድሮው በግልጥ አይሰማም። ነገር ግን መልኩን ለውጦ ከእኛ ጋራ ይኖራል። የተማረ ሰው ጣራው ላይ ከታየ ጎረቤት «ተምረህ ይኸን ትሠራለህ?» ይላል፤ ዘመድም «ሰው ያይሃል፣ ውረድ» ይላል። ሴት ልጅ መዶሻ ይዛ የታየች እንደ ሆነማ «በዚህ ቤት ወንድ የለም ወይ?» መባሉ አይቀርም። ይኸ ሁሉ ሲባል ጣራው ማፍሰሱን አያቆምም። ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት ሠራተኛም ጎሚኒ ለመለወጥ ወንድም እስኪመጣላት የምትጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ለሁለቱም ነው።

ጣራ

ጀማሪ ሰው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ማየትን መማር አለበት። ለዚህ ደግሞ ከጣራ የበለጠ አስተማሪ የለም። ውሃ በቆርቆሮው ቀዳዳ እንደ ገባ ወዲያው አይወድቅም። ከእንጨቱ ላይ ተለጥፎ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄድና፣ እንጨት ከእንጨት ሲገናኝ ወይም አንጓ ሲያጋጥመው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሳፋው ከተቀመጠበት ቦታ ትክክል ያለውን ቆርቆሮ መድፈን ብዙ ጊዜ ደኅናውን ቆርቆሮ መድፈን ነው። ቀዳዳው የሚገኘው ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው አናት በኩል ነው።

ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ፍለጋው ቀላል ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን በሩንና መስኮቱን ዘግተው ከውስጥ ይቁሙ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። በዚያ ቀዳዳ ስንደዶ ወይም ቀጭን ሽቦ ወደ ውጭ ያሾልኩ። ኋላ ጣራው ላይ ሲወጡ ስንደዶው ቆሞ ይጠብቅዎታል። ኮርኒስ ካለ ግን የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ማየት ግድ ነው።

አብዛኛው ቀዳዳ በምስማሩ ዙሪያ ነው። ከቆርቆሮ ምስማር ቆብ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ብዛት ትደርቃለች፤ ትሰነጠቃለችም። ደግሞም ምስማር የሚመታው ከፍ ባለው የቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። በቦዩ ላይ የተመታ ምስማር ካዩ ቤቱን የሠራው ሰው ቸኩሎ እንደ ነበረ ይወቁ። ቆርቆሮ ለመግዛት የሄዱ እንደ ሆነም ውፍረቱ በጌጅ እንደሚለካና ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው ቀጭኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቀዳዳን በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አይረባም። ቆርቆሮ በቀን ሙቀት ይለጠጣል፤ በሌሊት ብርድ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ተሰንጥቆ ይነሣል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ ሬንጅ ቀብቶ፣ ቁራጭ ቆርቆሮ ደርቦ እንደገና ዳር ዳሩን ሬንጅ መቀባት ይሻላል።

ስለ አንድ ቀዳዳ ይኸን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር ይኸን ሒሳብ ይሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም በ20 ሊትር ጀሪካን 30 ጀሪካን ማለት ነው። ይኸ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከራስዎ በላይ ያልፋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከዚያ ውሃ ጥቂቱ እንኳ በየዓመቱ ወደ ግድግዳው ከገባ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ማገር የበሰበሰበት ግድግዳ ደግሞ በሬንጅ አይድንም።

ሲወጡ እርጥብ ቆርቆሮ አይርገጡ። እግርዎን የምስማር መስመር ባለበት ያሳርፉ፤ ከምስማሩ ሥር እንጨት አለና። ቆርቆሮው ያረጀ ከሆነ ጣውላ አንጥፈው በጣውላው ላይ ይሂዱ። ከታች መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ ያም ሰው ልጅ አይሁን። መሰላሉን የሚይዝ ከጠፋ ሥራው ለሌላ ቀን ይደር።

እናትዎን ይጠይቁ

በከተማችን አሁንም ብዙ ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ስለ ማበጀት በኮሌጅ ያስተማረኝ የለም። በገጠር ያደጉ እናቶችና አያቶች ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። አፈሩ ከጭድ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ አይፈቅዱም። እናቴን ስለምን እንደሚቦካ ብጠይቃት «ሊጥስ ሳይቦካ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። መልሱ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለው። ጭቃው ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ከአፈሩም ጋራ በደንብ ይያያዛል። ጭቃ ሲደርቅ መጠኑ ስለሚቀንስ መሰንጠቅ ይፈልጋል፤ ጭዱ ግን ከዚህም ከዚያም ይዞ አያስለቅቀውም። ብረት ለኮንክሪት የሚሠራውን ጭድ ለጭቃ ይሠራል ማለት ነው። ደግሞም በአሮጌው ግድግዳ ላይ ውሃ ሳያርከፈክፉ አዲስ ጭቃ የለጠፉ እንደ ሆነ፣ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ውሃ መጦ ይወስድና ልጥፉ ይወድቃል።

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ስለሚወደው ስለ ሲሚንቶ ልናገር። በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። እንግዳም ያደንቀዋል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ደረቅ ስለ ሆነ አይከተለውም። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይነሣል። ሲሚንቶ ካስፈለገ አስቀድሞ የሽቦ ወንፊት ከእንጨቱ ጋራ በምስማር መያዝ አለበት። አለዚያ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ ይለጠፍበት። በዚህ ጉዳይ እናትና ልጅ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ትክክል ሆና የምትገኘውም አብዛኛውን ጊዜ እናትየዋ ናት።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ይኸን ዘልሎት ይሆናል። ለእሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳ ከመብሳቱ በፊት ከሶኬት፣ ከማብሪያና ከቧንቧ ትክክል ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን መስመር ይተው። የተቀበረ ሽቦና ቱቦ ብዙ ጊዜ በዚያ ያልፋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

አሁን ወደዚያ በር እንሂድ። ማጠፊያው የላላው ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ስለ ሰፋ ነው። ራሳቸው የተቆረጠ የክብሪት እንጨቶችን በኮላ ነክሮ ቀዳዳውን መሙላት፣ እስኪደርቅ መተው፣ ከዚያም ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ነው። ብሎኑ አልገባ ካለ ጥርሱን በደረቅ ሳሙና ቢያሹት ይገባል። ስድስት ወር ሙሉ በሁለት እጅ ሲነሣ የኖረው በር ከዚህ የበለጠ ሕክምና አልፈለገም። ምስማር መምታት ካስፈለገ ደግሞ ደረቅ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይሰነጠቃል። አናጢዎች የምስማሩን ሹል ጫፍ አስቀድመው በመዶሻ መታ አድርገው ያደነዝዙታል። ሹል ጫፍ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይከፍለዋል፤ የደነዘዘው ግን እየሰበረ መንገዱን ያበጃል።

ልጅዎ ምስማር ያቀብልዎ። ሥራው በእጥፍ እንደሚረዝም ግን ከወዲሁ ይወቁ። ምስማሮቹ ከአልጋ ሥር ይገባሉ፤ ካቻቪቴው ማንኪያ ይሆናል። ቡና ቀርቦ ሲጠሩ ብሎኑ በግማሽ ይቀራል፤ እንግዳም ይመጣል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው በአንድ ቅዳሜ ከአንድ ነገር በላይ አይጀምር። ይልቁንም ውሃ ዘግቶ የጀመረ ሰው እራት ከመሠራቱ በፊት ይጨርስ፤ አለዚያ ከቧንቧው አስቀድሞ የቤቱ ሰላም ይበላሻል።

የቧንቧው ነገር እንኳ ከሁሉ ይቀላል። በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግተው፣ በቱቦው የቀረውን ውሃ አፍስሰው፣ የቧንቧውን ራስ ፈትተው ከሥሩ ያለችውን ጎሚኒ ያውጡ። ተበልታ ወይም ደድራ ያገኟታል። ያችኑ አሮጌይቱን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ ልኳን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል። በአንዳንድ አዲስ ቧንቧ ውስጥ ግን በጎሚኒ ፈንታ ከሸክላ የተሠራ መክፈቻ ስላለ፣ ያን ጊዜ መለወጥ የሚገባው መክፈቻው በሙሉ ነው። የሚንጠባጠበውን የናቀ ቢኖር ብርጭቆ ከሥሩ አስቀምጦ አንድ ሰዓት ይጠብቅ። በሰዓት ሩብ ሊትር ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 9 ጀሪካን ቀላል ነገር አይደለም።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። መዶሻ፣ ሁለት ዓይነት ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ መጋዝና ሜትር ለአንድ ዓመት ይበቃሉ። (መዶሻና መጋዝ የራሳችን ቃል ሲሆኑ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚኒ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አንባቢ በመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ታሪክ ይዞ ይዞራል።) በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ መሣሪያ ይገኛል፤ የአሮጌ መዶሻ ብረቱ አያስቸግርም፤ እጀታው እንዳይወዛወዝ ብቻ ነቅንቀው ይዩ።

እጅ የሚሰበሰብበት ቦታ

እስከ አሁን የተናገርኩት ሁሉ፣ ከጣራ መውደቅ በቀር፣ ቢበላሽ የሚያስከትለው ኪሣራ ነው። ኤሌክትሪክ ግን ነፍስ ያጠፋል፤ ቤትም ያቃጥላል። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ዋቱን በቮልቱ ሲያካፍሉ 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። 10 ዋት የሚወስድ አምፖል ግን 0.05 አምፔር እንኳ አይሞላም። ምጣዱ 350 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው ማለት ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይኸን ምጣድ የሰኩ እንደ ሆነ ሽቦው ይሞቃል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። የሽቦው ልባስ የሚቀልጠው ደግሞ ማንም በማያይበት በኮርኒሱ ውስጥ ነው።

ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ ጠምጥሞ መገላገል በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ፊውዝ የተሠራው ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት እሱ ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። በእሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ማድረግ ዘበኛውን አሰናብቶ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ይቈጠራል። ብሬከር ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነም ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ በትልቅ አይለወጥ።

ጀማሪ ሰው ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ የተሰበረ ሶኬት ወይም የምጣድ መሰኪያ መለወጥ ይችላል፤ ከመንካቱ በፊት ግን ኃይል መቋረጡን በቴስተር ይመልከት። የአምፖሉን ማብሪያ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ሽቦው ተገላብጦ ከተያያዘ አምፖሉ ጠፍቶም ኃይሉ እዚያው አለ። ከዚህ ያለፈው፣ ማለት አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ከቆጣሪ ማያያዝና የመሳሰለው፣ ፈቃድ ላለው ባለሞያ የተተወ ነው። የሚሞቅ ሶኬት ወይም የላስቲክ ቃጠሎ ሽታ ያለበት ግድግዳ ካገኙ ዛሬውኑ ነቅለው ይተዉት፤ የዛሬው እንጀራ ከጎረቤት ይጋገር።

ባለሞያው ሲመጣ ብዙ ሰው ሥራውን አሳይቶ ወደ ሳሎን ይገባል። አይግቡ። ባትሪውን ይዘው አጠገቡ ይቁሙ። «ጋሼ፣ ይኸ ስለምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኞቹ የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ሲሠሩም እያስረዱ ይሠራሉ። ዋጋውንም ሥራው ሳይጀመር ይነጋገሩ፤ ካለቀ በኋላ «ይኸ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ መከራከር ነውር ነው። አሥር ደቂቃ የፈጀበት ሃያ ዓመት ስለ ሠራ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነም አከራዩን ሳያማክሩ ግድግዳ አይብሱ፤ ለዕቃ ያወጡት ገንዘብ ከኪራዩ የሚታሰብ ከሆነ አስቀድመው ይስማሙ።

ለጣራው ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ ሰማዩ ራሱ ይከለክላል። ሲወጡ አሸንዳው ውስጥ የተከማቸውን ቅጠል በዚያው ጥረጉት። መሰላል መግዛት አያስፈልግም፤ በሰፈሩ አንድ ሰው ዘንድ አይጠፋም። ከሥራው በኋላ ግን በዚያው ቀን ይመልሱለት፤ እሱም ጣራ አለው።